ሊቀመንበሩ ልጁን ሲድር

ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ በከተማዋ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። ሐኪሙም አያነሳም፣ ነጋዴውም አያነሳም፤ የፍቅረኛውን ድምፅ የናፈቀ ጎረምሳ እንኳ ስልኩን ትራስ ሥር ቀብሮ ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ይቁነጠነጣል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የፓርቲው ሊቀመንበር በዕጣ ይመረጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው ስልኩን ካነሳ ለአንድ ሳምንት አገር ይመራል፤ ካላነሳ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይደወላል። በ2087 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባት ሰዎች አላነሱም። አንድ ሺህ አራት መቶ ስምንተኛው አነሳ።

ያነሳው ሰው መንክር ጠናጋሻው ይባላል። የሃምሳ ሦስት ዓመት ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስልኩ ሲጮህ የደንበኛ ቤት በውሃ ተጥለቅልቆ ይሆናል ብሎ ደነገጠና ሰዓቱን ሳያይ አነሳው። ይህ ሰው "ነገ በአራት ሰዓት እመጣለሁ" ካለ፣ ነገ በአራት ሰዓት መሣሪያውን ይዞ ደጅ ላይ ይቆማል። በሙያው ሰዎች ዘንድ ይህ እንደ ሕመም ስለሚቆጠር ባልደረቦቹ ሐኪም እንዲያየው መክረውት ያውቃሉ።

"አቤት" አለ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ክቡር ሊቀመንበር" አለ የመሣሪያ ድምፅ።

መንክር ፍም እንደነካ ሰው ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። ባለቤቱ አስካለ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ምን ሆንክ?"

"አነሳሁት።"

"ምኑን?"

"ስልኩን።"

አስካለ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሁለት ሰዓት ከሃያ ይላል። እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

"አንተ ሰውዬ! ልጅህን ልትድር አምስት ቀን ሲቀርህ!"

ነገሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሊቀመንበር በመጀመሪያ በአምስት ዓመት አንዴ ይለወጥ ነበር። ከዚያ በየዓመቱ ሆነ፣ ከዚያ በየወሩ። አዲስ የመጣው ሁሉ ያለፈውን ይኮንናል፣ "ከእንግዲህ ግን" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም ያለፈ ይሆናል። ሕዝቡ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻም ስማቸውን መያዝ ተወ። በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰቀለውን ፎቶ መቀያየር ስለሰለቸ ፎቶው ወርዶ በምትኩ መስታወት ተሰቀለ። የመጨረሻው የፓርቲው አባል በ2071 ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ዕጣው ተጀመረ። ንግግሩ አንድ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ ስም ብቻ እየተለወጠ ይነበባል። በንግግሩ ሰዓት ከየቤቱ የሚነሳው ሳቅ ሕፃናት እየቀሰቀሰ ስላስቸገረ ሳቁ በአዋጅ ታገደ። በምትኩ ሕዝቡን ወክሎ የሚጠራጠር አንድ ሰው በደመወዝ ተቀጠረ።

መንክርን ያስጨነቀው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። አንድያ ልጁ ምዕራፍ ይድነቃቸው ከሚባል ወጣት ጋር ከተዋወቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ይድነቃቸው ጨረቃ ላይ ባለ የድንጋይ ወፍጮ በአቧራ ጠራጊነት ተቀጥሮ ሰኞ ጠዋት ይሳፈራል፤ ውሉም የአራት ዓመት ነው። ድርጅቱ ለእጮኛ በሚቀጥለው በረራ ቦታ ይይዛል። ሆኖም ሽማግሎች እሁድ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት "የአባትን ቃል ሰምተናል" ብለው አሻራቸውን ካላኖሩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሽማግሎቹ ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ እሁድ ዕለት መጥተው፣ እንደ ወጉ ቆመው፣ ልጅቷን ጠይቀዋል። መንክርም እንደ ወጉ ፊቱን ኮስተር አድርጎ "እንመካከርና በሁለት ሳምንት ተመለሱ" ብሏቸዋል። ልቡ የዚያኑ ዕለት ሰጥቷል። ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል እንዴ ብሎ አፈረ እንጂ ያኔውኑ እሺ ቢላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ምክንያቱም ሊቀመንበር በሥልጣኑ ሳምንት የሚሰጠው ቃል በሕግ ቃል አይደለም። ሕጉ ሲወጣ መላው አገር እፎይ ብሎ ነበር። የሚስቱም፣ የቤተሰቡም ሁሉ ቃል አብሮ ይታገዳል፤ ድሮ ሊቀመንበሮች በሚስቶቻቸው አፍ ቃል ይሰጡ ስለነበር።

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ፣ ጥቁር ቦርሳ የያዘ ቀጭን ሰው ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"ልሳነወርቅ እባላለሁ። የሕዝብ ጥርጣሬ ባለሙያ ነኝ። ለሳምንቱ ከእርስዎ ጋር ተመድቤያለሁ።"

"ይግቡ፣ ይግቡ። ቤታችን ጠባብ ቢሆንም ለሰው ይበቃል" አለ መንክር።

"እስቲ እናያለን" አለ ልሳነወርቅ።

መንክር ዞር ብሎ ቤቱን አየ።

"ኧረ እውነቴን ነው።"

"እስቲ እናያለን። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራዬ ነው። በግሌ ግን ቤቱ ይበቃል።"

ረቡዕ ማታ መንክር ንግግሩን ሊያነብ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ "ባለፈው ሳምንት የተፈጸመው ስህተት አይደገምም" ይላል። ባለፈው ሳምንት ማን እንደነበረ እንኳ አያውቅም። ወረቀቱን አጠፈውና ወደ ጎን አደረገው።

"ወገኖቼ" አለ፣ "እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። አገር መምራት አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልዋሻችሁም።"

"እስቲ እናያለን" አለ ልሳነወርቅ ከጎኑ።

መንክር ቢያንስ ለዚህች እውነት የሚያመሰግነኝ አይጠፋም ብሎ ተኛ። በማግሥቱ በፀጉር አስተካካዩ በዳምጠው ሱቅ በኩል ሲያልፍ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር።

"እንዴት ያለ ተንኮለኛ መጣብን ባካችሁ!" ይላል ዳምጠው መቀሱን እያንቀጫቀጨ። "'አላውቅም' ይላል! እስከዛሬ የመጡት ሁሉ 'አውቃለሁ' ነበር የሚሉት። ይሄኛው ምን ቢያውቅ ነው 'አላውቅም' የሚለው?"

"ዳምጠው፣ እኔ እኮ ነኝ፣ መንክር! ሃያ ዓመት ፀጉሬን የቆረጥከው!"

"ፀጉርህንማ አውቀዋለሁ" አለ ዳምጠው። "የፀጉርህ ነገር አያጠራጥርም። የውስጡን ነው ያላወቅነው።"

የዚያኑ ሐሙስ ከሰዓት ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ደንበኛው ጠራችው። የማድ ቤቷ ቧንቧ ፈንድቷል። መንክር ዋናውን መዝጊያ ዘጋ፣ የተሰነጠቀውን ቱቦ ቆርጦ አወጣ፣ አዲሱን ሊገጥም ተንበረከከ።

"ዘርፌ፣ ውሃውን ዘግቼዋለሁ። መዝጊያውን እንዳትነኪው።"

"እስቲ እናያለን" አለ ልሳነወርቅ።

ዘርፌ አንዴ መንክርን፣ አንዴ ልሳነወርቅን አየች። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደችና መዝጊያውን፣ መዘጋቱን ለማረጋገጥ፣ አዞረችው። ውሃው ከግድግዳው ተፈናጥሮ መንክርን ደረቱን፣ ልሳነወርቅን ክራቫቱን መታው። ዘርፌ መልሳ ዘግታው ስትገባ ሦስቱም ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ነበሩ።

"ዘግቼዋለሁ አላልኩሽም?"

"ሊቀመንበር 'ዘግቻለሁ' ያለውን ማን ያምናል?" አለች ዘርፌ ቀሚሷን እየጨመቀች። "ባለፈው ወር አንዱ 'ድልድዩን ሠርተን ጨርሰናል' ብሎን አጎቴ ከነመኪናው ወንዝ ውስጥ ነው የገባው።"

በቤትም አልተሻለም። አርብ ምሳ ላይ መንክር አንድ ጊዜ ጠቅልሎ ጎረሰና "ወጡ ይጣፍጣል" አለ። ልሳነወርቅ አፉ ሙሉ ስለነበር ማኘኩን እስኪጨርስ ታገሠ።

"እስቲ እናያለን።"

አስካለ እጇን አነሳች። "ከሁለት አንዳችሁ ነገ ከዚህ ማዕድ አይቀርብም" አለች። ከዚያ ሳህኑን አየች። "መንክር፣ ግን እውነት ጣፍጦሃል?"

መንክር ባለቤቱን አፍጥጦ አያት። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ይህን ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልሳነወርቅ ሸሚዙን ሊለውጥ ሲወጣ መንክር፣ አስካለና ምዕራፍ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው መከሩ።

"እኔ አንድ ነገር አስቤያለሁ" አለች አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሊቀመንበር የሚለውን ነገር ሰው የሚሰማው ገልብጦ ነው። 'ይጨመራል' ሲል ይቀነሳል። 'ይመጣል' ሲል ይቀራል። እንግዲያው አንተ 'አልሰጥም' በላቸው። ገልብጠው 'ሰጠ' ብለው ይሰሙታል።"

"እማዬ፣ ሰው እንዲህ በቀላሉ ይገለበጣል?" አለች ምዕራፍ።

"ሌላ ያለሽ አምጪ!"

ምዕራፍ ሌላ አልነበራትም። መንክር መስታወት ፊት ቆሞ "አልሰጥም" ማለትን ተለማመደ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ አለቀሰ።

እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሎች ደረሱ። የሚመሯቸው ጋሽ አበጋዝ ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራቸውን ሳይደገፉ በክብር የሚይዙ። ከእሳቸው ጋር ጡረተኛው መምህር ቀጸላና የይድነቃቸው አጎት አቶ ሽብሩ አሉ። ይድነቃቸው ራሱ ደጅ መኪና ውስጥ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል።

"ተቀመጡ፣ ወንበሩ ጠንካራ ነው" አለ መንክር።

"እስቲ እናያለን" አለ ልሳነወርቅ ከጥግ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ጋሽ አበጋዝ ወንበሩን በከዘራቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ለጊዜው መቆሙን መረጡ።

"አቶ መንክር" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ባለፈው ቆመን ለምነናል። ተመለሱ ብለውናል፣ ተመልሰናል። ልጃችን ይድነቃቸው ልጅዎን ምዕራፍን ወዷል። ሰጥተውናል ወይስ አልሰጡንም?"

መንክር አስካለን አየ። አስካለ ዐይኗን ጨፈነች።

"አልሰጥም" አለ።

ሁሉም ወደ ልሳነወርቅ ዞሩ። ልሳነወርቅ ጣሪያውን ይመለከታል።

"ኧረ ይበሉ እንጂ!" አለች አስካለ በሹክሹክታ።

"አይባልም፣ እመቤቴ። መጥፎ ዜና ላይ ጥርጣሬ አይሰጥም፤ መመሪያ ነው። ሊቀመንበር መጥፎ ነገር ሲናገር ሕዝቡ ያምነዋል። ሠላሳ ዓመት ተጠንቷል።"

ጋሽ አበጋዝ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። "መልካም" አሉ። "ስንመጣም እግዜርን ይዘን ነው፤ ስንሄድም እንደዚያው።" ወደ በሩ ዞሩ። ከጓዳ የምዕራፍ ሲቃ ተሰማ።

"ቆዩ!" ብሎ መንክር በሩ ላይ ዘሎ ተገተረ። "ሰጥቻለሁ! ኧረ ሰጥቻለሁ!"

"እስቲ እናያለን" አለ ልሳነወርቅ።

"ማርያምን ሰጥቻለሁ!"

"እስቲ እናያለን።" የልሳነወርቅ ዐይን እንባ አቅርሯል።

"ያኔ ስትመጡም ልቤ ሰጥቶ ነበር! ወጉ ነው ያጠፋኝ!"

"እስቲ..." ልሳነወርቅ መጨረስ አቃተው፤ መሐረብ አወጣ። "እናያለን።"

ጋሽ አበጋዝ በጣም የተቸገሩ መሰሉ። "አቶ መንክር፣ ጨዋ ሰው እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ቧንቧ ሠራተኛ በቀጠሮው መጣ ሲባል እኔ ራሴ ሰውየውን ላየው ሄጄ አውቃለሁ። ግን እኛ 'ቃል ሰምተናል' ብለን አሻራ ልናኖር ነው። የሊቀመንበርን ቃል ሰማን ብንል ሰው ምን ይለናል? 'እነዚህ ሽማግሎች ጃጁ' አይለንም?"

ምዕራፍ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች። ዐይኗ ቀልቷል።

"አቶ ልሳነወርቅ፣ ለአንድ ደቂቃ ዝም ማለት ያቅትዎታል?"

"እኔ ዝም ብልም ሕጉ ዝም አይልም፣ እህቴ። እስከ ማክሰኞ ሊቀመንበር ናቸው።"

"ከማክሰኞ በፊት የሚወርድበት መንገድ የለም?"

ልሳነወርቅ ቦርሳውን ከፈተ። ጠርዙ የተበላ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። የፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ በየሳምንቱ ንግግር ሲደገም ከመሰልቸት ብዛት አንብቦ ጨርሶታል። ገጽ ሲያገላብጥ ሽማግሎቹ ሳያውቁት ወደ እሱ ተጠጉ።

"አለ" አለ ቀስ ብሎ። "ከድሮ የቀረ አንቀጽ ነው። ማንም ስላልፈለገው አልተሻረም። 'ሰባት ሰዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ከተስማሙ ሊቀመንበሩ ወርዷል።' ሰባቱ እነማን እንደሆኑ አይጠይቅም። ድሮም አይጠየቅም ነበር።"

መምህር ቀጸላ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሦስት ሽማግሌ፣ አስካለ፣ ምዕራፍ፣ ልሳነወርቅ። "ስድስት ነን" አሉ አዝነው።

"እኔስ?" አለ መንክር።

"የሚወርደው ሰው ራሱ ድምፅ መስጠት ይችላል?"

ልሳነወርቅ መጽሐፉን አየ። "ሁልጊዜም ሲሰጥ ነው የኖረው። መጀመሪያ እጁን የሚያወጣውም እሱ ነበር።"

አስካለ በሩን ዘጋች። መስኮቱንም ዘጋች፤ ደንቡ ሳይጠይቅ መጋረጃውንም ሳበችው፣ እንዲህ ያለ ነገር በመጋረጃ ይሆናል ብላ። ጋሽ አበጋዝ በሕይወታቸው ስንት ጋብቻ ሸምግለዋል፤ መፈንቅለ ሥልጣን ሲመሩ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

"አቶ መንክር ይውረዱ የምትሉ?"

ሰባት እጅ ወጣ። የመንክር ቀድሞ ነበር፤ ሁለቱንም እጁን ስላወጣ አንዱን እንዲያወርድ ተነገረው።

ልሳነወርቅ ከቦርሳው ቅጽ አወጣ። የመውረጃ ምክንያቶች ቀድመው ታትመውበታል፤ መንክር አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ይጠበቅበታል። "ለጤናዬ ስል"፣ "ለትምህርት ስል"፣ "ለቤተሰቤ ጊዜ መስጠት ስለፈለግሁ"። መንክር ሦስተኛዋ ላይ ምልክት አደረገ። ልሳነወርቅ ቅጹን ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። በፓርቲው መዝገብ ይህችን የመረጡ ብዙ ሰዎች አሉ። እውነቱን የተናገረ ሰው ሲያይ ግን ገና ዛሬ ነው።

"ወርደዋል" አለ። "አሁን ግን ሌላ ጣጣ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ 'እሺ' ብሎ ወንበሩን የሚይዝ ሰው ካልተገኘ የወረደው ሰው ይመለስበታል።"

ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሠላሳ አምስት ነው። ጋሽ አበጋዝ በትሕትና ጎንበስ አሉ።

"መምህር፣ እርስዎ ይቅደሙ። የተማሩ ሰው ነዎት።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ እኔ? ኧረ ነውር ነው።"

"አቶ ሽብሩ ለምን አይሆኑም? ጉልበት አላቸው።"

"እኔ? በታላቆቼ ፊት? አፍራለሁ ጋሼ፣ እርስዎ ይሁኑ።"

"እኔማ አርጅቻለሁ። መምህር፣ እባክዎ።"

"እርስዎ ይቅደሙ።"

"ኧረ እርስዎ!"

እንዲህ እየተባባሉ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ እየያዘ ወደፊት ሲገፋ፣ ሌላው ሲያፈገፍግ፣ ዘጠኝ ደቂቃ አለቀ። ሦስቱም የሚደራደሩት በፍጹም ጨዋነት ነበር። ሦስቱም ላብ አጥምቋቸዋል።

"እናንተ አትችሉም!" አለች ምዕራፍ ትዕግሥቷ አልቆ። "ቃሉን የምትመሰክሩት እናንተ ናችሁ። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ሊቀመንበር ከሆናችሁ አሻራችሁን ማን ይቀበለዋል? እማዬ ወይም እኔ ከሆንን ደግሞ አባዬ የሊቀመንበር ቤተሰብ ሆኖ ቃሉ እንደገና ይታገዳል!"

ስድስት ሰው አንድ ላይ ወደ ጥጉ ዞረ። ልሳነወርቅ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቀፈ።

"አይሆንም" አለ። "እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ስጠራጠር ኖሬ ... ኧረ አይሆንም!"

አስካለ ወደ እሱ ሄደች። አምስት ቀን ሙሉ አብልታዋለች፤ እንዴት እንደሚበላ፣ መቼ በቃኝ እንደሚል፣ በቃኝ ሲል ምን ያህል እንደማይበቃው ታውቃለች። ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ ጣቶቿን እንደምታጎርስ ሰው ሰብስባ።

"አቶ ልሳነወርቅ፣ በሞቴ።"

"ኧረ በቃኝ፣ እመቤቴ!"

"በሞቴ አልኩ! ለሁለት ቀን ብቻ።"

"አልችልም፣ እውነቴን ነው አልችልም።"

"አፈር ስሆን! እጄን ሜዳ ላይ ልታስቀሩት ነው?"

ልሳነወርቅ የተዘረጋውን ባዶ እጅ አየ። አምላኩን አየ፣ ማለትም ጣሪያውን። ሕግ ያውቃል፣ ደንብ ያውቃል፣ መመሪያ ያውቃል። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ግን "በሞቴ" ለተባለ ሰው መውጫ ተጽፎ አላየም። ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ እንደሚጎርስ ሰውም አፉን ከፈት አደረገ።

"እሺ" አለ።

አሥራ አንድ ከአርባ ስምንት ነበር። ልሳነወርቅ ወንበር ላይ ተደፍቶ ስልኩን አወጣና ለእናቱ ደወለ።

"እማዬ፣ ሊቀመንበር ሆንኩ" አላት።

መጥፎ ዜና ስለነበር እናቱ ወዲያው አመነችውና ዋይታዋን አቀለጠችው።

"አሁን!" አለች አስካለ ባሏን ወደፊት እየገፋች።

መንክር ሽማግሎቹ ፊት ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ አጣ፤ የለበሰው ኮት ጠበበው። ምዕራፍ ከእናቷ ትከሻ ጀርባ ሆና ታየዋለች።

"ልጄን ምዕራፍን ለልጃችሁ ለይድነቃቸው ሰጥቻለሁ" አለ።

መንክር ጥቂት ጠበቀ። ከጥጉ ድምፅ አልመጣም። ዝምታው እንግዳ ሆነበት፤ ደረጃ ያለ መስሎት ሜዳ ላይ እንደረገጠ ሰው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ጋሽ አበጋዝ ፊቱን በደንብ አዩት።

"ሰምተናል" አሉና አውራ ጣታቸውን ይዘውት በመጡት የድርጅቱ መዝገብ ላይ አኖሩ። መምህሩ ተከተሉ፣ አቶ ሽብሩም ተከተሉ። አስካለ እልልታዋን ለቀቀችው። ምዕራፍ ሮጣ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያ የጋሽ አበጋዝን፣ ከዚያ በግርግሩ የልሳነወርቅንም ሳመች።

ሽማግሎቹ ሲወጡ ልሳነወርቅ አብሯቸው ወጣ፤ ሰኞ ጠዋት ለእሱም የጥርጣሬ ባለሙያ ስለሚመደብለት ቤቱን ማጽዳት ነበረበት። የቀጠለውን ነገር መንክር መጋረጃውን ገለጥ፣ መስኮቱንም ከፈት አድርጎ አየው። ይድነቃቸው ከመኪናው ዘሎ ወርዶ መጀመሪያ ያገኘውን ሰው ክራቫቱን ያዘው።

"ምን አሉ? ተሳካ?"

"ተሳክቷል፣ ልጄ። ምዕራፍ ያንተ ናት" አለ ልሳነወርቅ።

"ይሄ ማነው?" አለ ይድነቃቸው ወደ አጎቱ ዞሮ።

"አዲሱ ሊቀመንበር ነው" አሉት አቶ ሽብሩ።

ይድነቃቸው ራሱን ይዞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ጋሽ አበጋዝ በቀለም የጠቆረ አውራ ጣታቸውን ዐይኑ ሥር እስኪያመጡለት ድረስ አልተነሳም። ሲነሳም ጣታቸውን ሳመ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ምዕራፍ ስልኳን ይዛ ክፍሏ ገባች። አስካለ መጋረጃውን መልሳ ከፈተችና ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሰፈሩ ውሃ ከጠፋበት ሁለት ቀን ሆኖታል፤ መቼ እንደሚመጣ የተናገረ አካል አልነበረም፣ ቢናገርም የሚሰማው የለም። መንክር ወደ ማድ ቤት ገብቶ ከግድግዳው በወጣው ቧንቧ ላይ ጆሮውን አሳረፈ። እንዲህ ሆኖ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

"አስካለ" አለ፣ "ከሩብ ሰዓት በኋላ ውሃ ይመጣል።"

አስካለ ቧንቧውን መጥታ አልከፈተችም። "እርግጠኛ ነህ?" አላለችም። ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች፣ ከጓሮ አምስቱን ጄሪካን አመጣች፣ ክዳናቸውን አንድ በአንድ ፈታችና ከደረቀው ቧንቧ ሥር ደረደረቻቸው።